ፎቶው ሲላክ ለምን ይደበዝዛል? ጄፔግ፣ ፒኤንጂ እና የተጨመቁ ምስሎች

የዲቪ ማመልከቻ ሲከፈት የፎቶ ቤቶችና የኢንተርኔት ቤቶች ሥራ ይበዛል። አብሮት የሚመጣ አንድ የታወቀ ግራ መጋባትም አለ። መመሪያው ፎቶው ጄፔግ የሚባል የፋይል ዓይነት እንዲሆን፣ ቁመቱና ወርዱ እኩል ሆኖ ቢያንስ 600 በ600 ፒክስል እንዲይዝ፣ ፋይሉ ደግሞ ከ240 ኪሎባይት እንዳይበልጥ ይላል። ስልክ ያነሳው ፎቶ ግን 4 ሜጋባይት ነው። ምን ይደረግ?

ምክር ሰጪ አይጠፋም። አንዱ "በቴሌግራም ለራስህ ላከውና መልሰህ አውርደው፣ ይቀንስልሃል" ይላል። ሌላው "ስክሪንሾት አድርገው" ይላል። ሦስተኛው የፋይሉን ስም መጨረሻ ቀይሮ "ይኸው ጄፔግ ሆነልህ" ብሎ ይሰጣል። ሦስቱ ምክሮች አንድ ዓይነት ይመስላሉ እንጂ ሥራቸው ለየቅል ነው። የመጀመሪያው ፎቶውን በእርግጥ ያሳንሰዋል፤ ምን ያህል እንደሚያሳንሰው የሚወስነው ግን አፑ ነው። ሁለተኛው ፎቶውን ትቶ ስክሪኑን ያነሳል። ሦስተኛው ምንም አያደርግም። ስሙ ተቀየረ እንጂ ውስጡ ያው ነው።

ልዩነቱ የሚገባን ምስል በፋይል ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ ስናውቅ ነው።

ፎቶ ለስልካችን ምንድን ነው?

ቁጥር ነው። ምስሉ ፒክስል በሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች ይከፈላል። እያንዳንዱ ነጥብ ሦስት ቁጥሮች አሉት፦ ምን ያህል ቀይ፣ ምን ያህል አረንጓዴ፣ ምን ያህል ሰማያዊ እንዳለበት። እያንዳንዱ ቁጥር ከ0 እስከ 255 ይደርሳል። ሦስቱ በተለያየ መጠን ሲቀላቀሉ ከ16 ሚሊዮን በላይ ቀለም ይወጣቸዋል።

አንዱ ቁጥር አንድ ባይት ቦታ ይይዛል። ስለዚህ አንድ ፒክስል ሦስት ባይት ነው። ባለ 12 ሜጋፒክስል ካሜራ የሚያነሳው ፎቶ 4000 በ3000 ነጥብ አለው፤ 12 ሚሊዮን ፒክስል ማለት ነው። በሦስት ስናባዛው 36 ሚሊዮን ባይት፣ ማለትም 36 ሜጋባይት ይሆናል።

ስልካችሁ ላይ ግን እንዲህ ያለው ፎቶ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሜጋባይት ቢሆን ነው። ሠላሳ ምናምን ሜጋባይት መንገድ ላይ ቀርቷል። ባይቀር ኖሮ የ1 ጊጋባይት ፓኬጅ 28 ፎቶ እንኳ ሳያስልከን ባለቀ ነበር። ስለዚህ ጭመቃን እንደ ክፉ ነገር ማየት ልክ አይደለም። ጥያቄው ማን፣ ስንት ጊዜ፣ ምን ያህል ጨመቀው የሚለው ነው።

መጭመቅ ሲባል ምን ማለት ነው?

ኮምፕረስ ማድረግ ወይም መጭመቅ ማለት ያንኑ ምስል ባነሰ ቁጥር መጻፍ ነው። ሁለት መንገድ አለው።

አንዱ ምንም ሳይጥል ያሳጥራል። በአንድ ረድፍ 500 ነጭ ፒክስሎች ተከታትለው ካሉ፣ ነጭ፣ ነጭ፣ ነጭ እያሉ 500 ጊዜ ከመጻፍ "500 ነጭ" ብሎ መገላገል ይቻላል። ፋይሉ ሲከፈት 500ዎቹም አንድ ሳይጎድል ይመለሳሉ። ፒኤንጂ የሚባለው የምስል ፋይል የሚከተለው ይህን መንገድ ነው፤ ዘዴው ከዚህ የረቀቀ ቢሆንም ሐሳቡ ይኸው ነው።

ሌላው ይጥላል። የሰው ዓይን ብዙም አያስተውለውም ያለውን መርጦ ይተወዋል። ጄፔግ እንዲህ ነው። ቋንጣን አስቡት። ሥጋው ሲደርቅ ይቀላል፣ ይቆያል፣ ለመንገድ ይመቻል። ወጥ ውስጥ ሲገባ መልሶ ያብጣል፣ ይጣፍጣልም። ጥሬ ሥጋ ግን ዳግመኛ አይሆንም። የጄፔግ ፋይል ሲከፈትም 12 ሚሊዮኑ ፒክስል ቁጥሩ ሳይጎድል ስክሪን ላይ ይወጣል። ፒክስሎቹ ግን ካሜራው ያያቸው ሳይሆኑ ለእነሱ የቀረቡ ናቸው። በደንብ የተሠራ ከሆነ ልዩነቱን በዓይን ማግኘት ከባድ ነው።

ጄፔግ ምኑን ነው የሚጥለው?

ጄፔግ በ1986 የተሰባሰበ የባለሙያዎች ቡድን ስም አጭር መጠሪያ ነው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቡድኑ የሠራው መስፈርት በ1992 ጸደቀ። ከዚያ በኋላ ስንት ዓይነት ስልክና ካሜራ መጥቶ ሲሄድ እሱ አልተነቃነቀም። እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው። በሶፍትዌር ዓለም እንዲህ የሚከበር ሽማግሌ ጥቂት ነው።

የመጀመሪያ ሥራው ቀለምን ከብርሃን መለየት ነው። ዓይናችን የብርሃንና የጥላን ልዩነት አጥርቶ ያያል፤ የቀለም ልዩነትን ግን እንዲያ በደቃቁ አይለይም። ጄፔግ ይህን ይጠቀምበታል። የእያንዳንዱን ፒክስል ብርሃን እንዳለ ይይዝና የቀለሙን መረጃ ግን ብዙ ጊዜ ለአራት ፒክስል አንድ አድርጎ ያስቀምጣል። አራት ጎረቤት ነጥቦች አንድ ቀለም ተካፈሉ ማለት ነው። በዚህ ብቻ የፋይሉ ግማሽ ይቀንሳል። የሰው ፊት ወይም የጣና ዳርቻ ፎቶ ላይ ይህን የሚያስተውል ሰው የለም ማለት ይቻላል።

ቀጥሎ ምስሉን 8 በ8 ፒክስል ወደሆኑ ትንንሽ ካሬዎች ይቆራርጠዋል። እያንዳንዱ ካሬ 64 ነጥብ አለው። ጄፔግ ነጥቦቹን አንድ በአንድ አይመዘግብም። ካሬው በጥቅሉ ምን ያህል ብሩህ ነው? ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ እያለ ይጨልማል? ውስጡ ደቃቅ መስመር አለበት? የፀጉር ዘንግ የመሰለ ተደጋጋሚ ነገርስ? እነዚህን ከዝግተኛ ለውጥ እስከ ፈጣን ለውጥ በ64 ደረጃ ይለካቸዋል።

እስካሁን ከካሬው የጠፋ ነገር የለም። መጣሉ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። የዝግተኛ ለውጦቹን መጠን በጥንቃቄ ይይዛል። የፈጣኖቹን፣ የደቃቆቹን ግን በጅምላ ያጠጋጋል። አብዛኞቹ ተጠጋግተው ተጠጋግተው ዜሮ ይሆናሉ። ዜሮ ሲበዛ ደግሞ ማሳጠር ቀላል ነው። ሰማይ ያለበት ካሬ ከ64ቱ ልኬት ሦስት ወይም አራት ብቻ ይዞ ሊቀር ይችላል፤ ያም ሆኖ ሰማይ ይመስላል።

የዚህ ልኬት ሒሳብ የመጣው ከናሲር አህመድ ነው። ትውልዱ ሕንድ የሆነ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። ሐሳቡን ለማጥናት በ1972 የአሜሪካን ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ገንዘብ ጠይቆ ነበር፤ አልሰጡትም። በበጋው ዕረፍት በራሱ ቀጠለበትና በ1974 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር አሳተመው። ዛሬ በየስልካችን የተከማቸው ፎቶ በሙሉ ማለት ይቻላል ያ ሒሳብ ወይም የቅርብ ዘመዱ ያለፈበት ነው። ቪዲዮውም ጭምር።

ፎቶ ስታስቀምጡ አንዳንድ ፕሮግራሞች "ኳሊቲ" ብለው ከ1 እስከ 100 ቁጥር የሚያስመርጧችሁ የማጠጋጋቱን ልክ ነው። ቁጥሩ ፐርሰንት እንዳይመስላችሁ። 80 ማለት ከጥራቱ 80 በመቶ ተረፈ ማለት አይደለም፤ የአንዱ ፕሮግራም 80 ከሌላው 80 ጋርም አንድ ላይሆን ይችላል። ለተራ ፎቶ ከ80 እስከ 90 መካከል ጥሩ ነው። ከ90 በላይ ፋይሉ ቶሎ ይወፍራል፣ ለዓይን የሚጨምረው ግን ትንሽ ነው። 40 እና 30 ላይ ሲደርስ እነዚያ 8 በ8 ካሬዎች ራሳቸው መታየት ይጀምራሉ። ጉንጭ ላይ ካሬ ካሬ፣ ሰማይ ላይ ደግሞ እርከን እርከን ሆኖ የሚታየው ነገር እሱ ነው።

ጽሑፍ ላይ ለምን ይብሳል?

ጄፔግ የተሠራው ለፎቶ ነው። ፎቶ ውስጥ አብዛኛው ነገር ቀስ ብሎ ይለወጣል። ጽሑፍ ግን እንዲያ አይደለም። ነጭ ወረቀት ላይ ጥቁር ፊደል ሲያርፍ በአንድ ፒክስል ውስጥ ከነጭ ወደ ጥቁር ይዘለላል። ያን ዝላይ በትክክል ለመያዝ ደቃቆቹ ልኬቶች በሙሉ ያስፈልጋሉ። ጄፔግ ደግሞ መጀመሪያ የሚጥለው እነሱን ነው። ሲጣሉ በፊደሉ ዙሪያ የትንኝ መንጋ የመሰለ ግራጫ ጭቅቅት ይፈጠራል።

የእኛ ፊደል ደግሞ በዚህ በኩል ተጋላጭ ነው። "ቡ" እና "ቢ" የሚለዩት ከቀኝ እግር በምትወጣ አንዲት ቅጥያ ነው፤ አንዱ ላይ መሃል፣ አንዱ ላይ ታች። "ቢ" እና "ቤ"ን የሚለያቸው ደግሞ ታች ያለው ነገር መስመር መሆኑ ወይም ክብ መሆኑ ነው። ፊደሉ 12 ፒክስል ቁመት ብቻ ካለው ያቺ ቅጥያ ሁለት ፒክስል ብትሆን ነው። ተቀባብሎ ተቀባብሎ የመጣ የማስታወቂያ ምስል ላይ ከግዕዝ ፊደሉ ይልቅ ስልክ ቁጥሩ ቀድሞ የሚነበበው ለዚህ ነው።

ቀይ ጽሑፍ ከሆነ ችግሩ ይደረባል። ጥቁር በነጭ ላይ የብርሃን ልዩነት ስለሆነ ጄፔግ ይጠነቀቅለታል። ቀይ በጥቁር ወይም ቀይ በአረንጓዴ ላይ ሲሆን ግን ልዩነቱ ይበልጡን የቀለም ነው። ቀለም ደግሞ ለአራት ፒክስል አንድ ብቻ ነው የቀረው። ስለዚህ ጠርዙ ይፈስሳል። የብራና መጻሕፍትን ፎቶ የሚያነሱ ሰዎች ይህን ያውቁታል። በብራናዎቻችን የቅዱሳን ስም በቀይ ይጻፋል፤ በጠባቡ ተጨምቆ የተቀመጠ ፎቶ ላይ ጥቁሩ ጽሑፍ ተነቦ ቀዩ ስም ሊደበዝዝ ይችላል። ለዶክመንት ጥበቃ የሚሠሩ ቤተ መዛግብት ዋናውን ቅጂ ቲፍ በሚባል ፋይል የሚያስቀምጡት በዚህ ምክንያት ነው። ቲፍ ከባድ ነው፣ ግን ምንም ሳይጥል ማስቀመጥ ይችላል። ለኢንተርኔት የሚሆነውን ቀላሉን ጄፔግ ከእሱ ላይ ያወጣሉ።

ፎቶ ደጋግሞ መክፈት ጥራቱን ይቀንሳል?

አይቀንስም። ይህ በብዛት የሚሳሳቱበት ነገር ነው። ማየት ምንም አይጎዳም። ከስልክ ወደ ፍላሽ፣ ከፍላሽ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥም አይጎዳም። ፋይሉ ቁጥር በቁጥር ይገለበጣል፤ መቶኛው ቅጂ ከመጀመሪያው አይለይም።

የሚጎዳው እንደገና ማስቀመጥ ነው። ጄፔጉን ከፍታችሁ ትንሽ ብትቆርጡት፣ ጽሑፍ ብትጨምሩበት፣ ፊልተር ብትቀቡትና "ሴቭ" ብትሉ ማጠጋጋቱ ከዜሮ ይጀመራል። አሁን ግን የሚጠጋጋው ካሜራው ያየው ሳይሆን አንዴ የተጠጋጋው ነው። በተለይ ምስሉ ተቆርጦ ወይም መጠኑ ተቀይሮ ከሆነ አዲሶቹ 8 በ8 ካሬዎች ከአሮጌዎቹ ጋር አይገጣጠሙም፣ የድሮው የካሬ ጠርዝ በአዲሱ ካሬ መሃል ያርፋል። ጄፔጉ ያን ጠርዝ እንደ እውነተኛ የምስሉ ክፍል ቆጥሮ ይይዘዋል። ጉድፉ እንዲህ እየተደራረበ ይሄዳል።

ከግሩፕ ግሩፕ፣ ከቻናል ቻናል ሲዞር የከረመ የምርቃት ጥሪ ወይም የድሮ ፎቶ ያን ዓይነት ቡናማ ጭጋግ የሚለብሰው በእርጅና አይደለም። አንዱ ስክሪንሾት አነሳው፣ ሌላው የቻናሉን ስም ጻፈበት፣ ሦስተኛው ከፌስቡክ አውርዶ ወደ ቲክቶክ ጫነው። በእያንዳንዱ እጅ አንድ ጊዜ ተጨመቀ።

ቴሌግራምና ዋትስአፕ ምን ያደርጋሉ?

እኔን ብትጠይቁኝ፣ በእኛ አገር ፎቶ ሲበላሽ ጄፔግ ያለ ስሙ ይታማል። ዋናው ተጠያቂ መጠን መቀነስ ነው።

ቴሌግራም "ፎቶ" ብላችሁ ስትልኩ ለብዙ ዓመታት ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ፒክስል ሲያወርድ ኖሯል። ያ የ4000 በ3000 ፎቶ 1280 በ960 ሆነ ማለት ነው። አባዙት፦ 1.2 ሚሊዮን ፒክስል ይመጣል። ከ12 ሚሊዮኑ አንድ አሥረኛው ነው። መጭመቁ ገና ሳይጀመር ከየአሥሩ ፒክስል ዘጠኙ ሄዷል።

ስልክ ስክሪን ላይ አይታወቅም። ስክሪኑ ራሱ ትንሽ ነዋ። የሚታወቀው ሲታተም ነው። በጥሩ ሁኔታ ለማተም በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ያህል ይፈለጋል። 1280 ፒክስል ለ11 ሴንቲሜትር ገደማ ይበቃል። ኦርጅናሉ ግን 34 ሴንቲሜትር ድረስ ይሄድ ነበር። ማተሚያ ቤት "ይሄ ፎቶ አይሆንም፣ ኦርጅናሉን አምጡ" ሲል ሰበብ እየፈለገ አይደለም። በቴሌግራም የመጣች ፎቶ ለሰርግ ባነር ስትለጠጥ ሙሽሪት የማትታወቀውም ለዚሁ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቴሌግራም ላይ ፎቶውን ከጋለሪ ከመምረጥ ይልቅ "ፋይል" በሚለው በኩል ላኩት። ያኔ አይነካውም፤ እንዳለ ይደርሳል። ዋትስአፕ ላይ "ዶክመንት" በሚለው መላክ ተመሳሳይ ነው። ዋትስአፕ በ2023 "ኤችዲ" የሚል ምርጫ ጨምሯል፤ ከተለመደው ይሻላል እንጂ እሱም ያሳንሳል።

አንድ ነገር ግን አስቡበት። ፋይል ሆኖ የሚሄደው ፎቶ ጀርባው ላይ የተጻፈውንም ይዞ ይሄዳል። መቼ እንደተነሳ፣ በምን ስልክ እንደተነሳ፣ የካሜራው የቦታ ምልክት በርቶ ከነበረ የት እንደተነሳም ጭምር። እንደ ፎቶ ሲላክ አፖቹ ይህን ያራግፉታል። ቤታችሁ ውስጥ የተነሳ ፎቶ ለማታውቁት ሰው በፋይል ስትልኩ አድራሻችሁን እየሰጣችሁ ሊሆን ይችላል።

የዲቪውን ፎቶስ እንዴት ላሳንሰው?

ሒሳቡን እንየው። 600 በ600 ማለት 360,000 ፒክስል ነው። በሦስት ባይት 1.08 ሜጋባይት ይሆናል። ይህን ወደ 240 ኪሎባይት ማውረድ አራት እጥፍ ተኩል መጭመቅ ነው። ለጄፔግ ይህ ምንም አይደለም፤ በከፍተኛ ጥራትም ያልፋል። ስለዚህ 240 ኪሎባይት የሚያስጨንቅ ቁጥር አይደለም። የሚያስጨንቀው 4 ሜጋባይቱን ሙሉ ፎቶ መጠኑን ሳይነኩ በጭመቃ ብቻ 240 ለማድረግ ሲሞከር ነው። ያኔ ፊት ካሬ ካሬ ይሆናል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ይሻላል። ስልኩ ላይ ካለው ኦርጅናል ተነሱ። መጀመሪያ ቁረጡት፣ ካሬ አድርጉት። ከዚያ መጠኑን ወደ 600 በ600 አውርዱት። መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ90 ገደማ ጥራት፣ ጄፔግ አድርጋችሁ አስቀምጡት። እስከ 1200 በ1200 ይፈቀዳል፤ ግን 1200 ላይ ያው 240 ኪሎባይት 18 እጥፍ መጭመቅን ይጠይቃል። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለቪዛ ፎቶዎች ባወጣው መመሪያ ላይ ጭመቃው ከ20 ለ1 እንዳይበልጥ ይላል። በ600 በ600 ፎቶ ላይ ይህ 54 ኪሎባይት ገደማ ነው። ፎቷችሁ 25 ኪሎባይት ሆኖ ከመጣ "በጣም ቀለለልኝ" ብላችሁ አትደሰቱ፤ ከልክ በላይ ተጨምቋል።

የቴሌግራሙ ምክር እዚህ ላይ ነው የሚያሳስተው። 1280 በ960 ሆኖ ከወረደው ፎቶ ውስጥ ፊትና ትከሻችሁን ብቻ ቆርጣችሁ ስታወጡ 400 ፒክስል ሊቀር ይችላል። ወደ 600 ይለጠጣል፣ ቁጥሩ ይሟላል። ዝርዝሩ ግን የ400 ነው።

ፒኤንጂ ከጄፔግ ይሻላል ማለት ነው?

እንደ ምስሉ ነው። ፒኤንጂ የተወለደው በጠብ ነው ማለት ይቻላል። ከእሱ በፊት ኮምፒዩሰርቭ የተባለ ኩባንያ በ1987 ያወጣው ጂፍ ነበር። ያው ዛሬ በየቻቱ የሚንቀሳቀሰው ነው። ጂፍ የሚጠቀምበት የማሳጠሪያ ዘዴ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) የዩኒሲስ ኩባንያ ነበር። በ1994 መጨረሻ ክፍያ እንደሚጠየቅበት ሲነገር ፕሮግራመሮች ተቆጡ። በኢንተርኔት ተሰባስበው ክፍያ የሌለበት ምትክ ሠሩ። በ1996 ፒኤንጂ ወጣ። ጂፍ በአንድ ምስል 256 ቀለም ብቻ ሲይዝ ፒኤንጂ ሚሊዮኖችን ይይዛል፤ ጀርባውን ከኋላው ያለውን እንደሚያሳይ መስታወት ማድረግም ይችላል።

ለስክሪንሾት፣ ለሎጎ፣ ለደረሰኝ፣ ጽሑፍ ላለበት ማንኛውም ምስል ፒኤንጂ ምረጡ። ጠርዙ አይፈስስም፣ ሰፊው ነጭ ቦታም በጥቂት ባይት ያልቃል። ለፎቶ ግን አይመከርም። የቅጠል ክምር ወይም የመርካቶ ግርግር ውስጥ "500 ነጭ" የሚባል ነገር የለም። ሁሉም ነጥብ ይለያያል። ስለዚህ ፋይሉ ከጄፔጉ ብዙ እጥፍ ይገዝፋል፣ ዓይናችሁ ግን ልዩነት አያገኝም።

የተበላሸ ጄፔግን ወደ ፒኤንጂ መቀየርስ? ጉድፉን በጥንቃቄ ያስቀምጥላችኋል። ከዚያ ወዲያ እንዳይባባስ ይረዳል፤ የጠፋውን ግን አይመልስም።

የአይፎን ፎቶ ለምን አልከፈት ይላል?

አፕል በ2017 ስልኮቹን ኤችኢአይሲ በሚባል አዲስ ፋይል ፎቶ እንዲያስቀምጡ አደረገ። ከቪዲዮ መጭመቂያ የተወሰደ ዘዴ ነው። ለተመሳሳይ ጥራት ከጄፔግ ግማሽ ያህል ቦታ ቢይዝ ነው። ችግሩ አሮጌ ኮምፒውተሮችና ብዙ የኢንተርኔት ፎርሞች አያውቁትም። ዘመድ ከውጭ የላከው ፎቶ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ አልከፈት ሲል ብዙ ጊዜ ነገሩ ይኸው ነው። የስሙን መጨረሻ ወደ ጄፒጂ መቀየር ዋጋ የለውም። ከፍቶ "ሴቭ አዝ" ብሎ ጄፔግ አድርጎ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ወይም ባለ አይፎኑ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ፣ ካሜራ፣ ከዚያ ፎርማትስ የሚለው ላይ "ሞስት ኮምፓቲብል" የሚለውን ይምረጥ። ከዚያ በኋላ የሚያነሳው ሁሉ ጄፔግ ይሆናል።

ጎግል በ2010 ያወጣው ዌብፒም አለ። ከድረ ገጽ ላይ ፎቶ ስታወርዱ ብዙ ጊዜ እሱ ሆኖ ይመጣል። የቴሌግራም የማይንቀሳቀሱ ስቲከሮችም ዌብፒ ናቸው። በመጣልም ሳይጥሉ በማሳጠርም ይሠራል። መጥፎ ነገር የለውም፤ ፎርሞች ሲጠሉት ብቻ ወደ ጄፔግ መቀየር ነው።

ጭመቃ ምስሉ የሚለውን ነገር ሊቀይር ይችላል?

ይችላል፤ ሆኖም ያውቃል። በ2013 ዴቪድ ክሪዜል የተባለ ጀርመናዊ የኮምፒውተር ባለሙያ የሕንፃ ፕላን በዜሮክስ ወርክሴንተር ማሽን ስካን ተደርጎ አየ። ሦስት ክፍሎች ነበሩ፦ 14.13፣ 21.11 እና 17.42 ካሬ ሜትር። ማሽኑ ያወጣው ቅጂ ላይ ሦስቱም 14.13 ሆነው ነበር። ቁጥሮቹ ደብዝዘው አይደለም። ጥርት ብለው፣ ንጹሕ ሆነው፣ ስህተት ነበሩ። በሌሎች ወረቀቶች ላይ ደግሞ 6 ወደ 8 ተቀይሮ ተገኘ።

ማሽኑ ጄቢግ-2 የሚባል መጭመቂያ ይጠቀም ነበር። ይህ ዘዴ ገጹ ላይ የሚመሳሰሉ ቅርጾችን ይፈልጋል። ሁለት ቅርጾች "ያው ናቸው" ብሎ ካመነ አንዱን ብቻ ያስቀምጥና በሌላው ቦታ እሱኑ ይለጥፋል። ትንሽ ደብዘዝ ያለ 6 እና 8 በቂ ይመሳሰላሉ። ዜሮክስ ጉዳዩ ከወጣ በኋላ ማስተካከያ ሶፍትዌር አሰራጨ። ቀድሞ ስካን የተደረገ ወረቀት ግን ኦርጅናሉ ከተጣለ የሚስተካከልበት መንገድ የለም።

ይህን ያነሳሁት የጄፔግ ጉዳት ቢያንስ ራሱን ስለሚያሳይ ነው። ሲበላሽ ይታያል። ሳይታይ የሚበላሸው ይብሳል።

የደበዘዘውን በኤአይ ማጥራት ይቻላል?

አሁን በየቦታው "ፎቶ አጥሪ" አፕ አለ። የድሮ የቤተሰብ ፎቶ ይገባል፣ ጥርት ያለ ፊት ይወጣል። ያማረ ነው። ግን የተጣለው መረጃ ፋይሉ ውስጥ የለም፤ አፑ ከየትም ሊያመጣው አይችልም። የሚያደርገው ብዙ ሚሊዮን ፊት አይቶ "እዚህ ቦታ ላይ ብዙ ጊዜ ሽፋሽፍት እንዲህ ይሆናል" ብሎ መሳል ነው። አያታችሁን የሚመስል ሰው ይወጣል፤ ምልክቷ የነበረችው የጉንጯ ንቅሳት ግን ወይ ጠፍታ ወይ ሌላ ሆና ልትመጣ ትችላለች። ፕሮፋይል ላይ ለመለጠፍ ማን ይከለክላል። ለመታወቂያ፣ ለፓስፖርትና ለቪዛ ፎቶ ግን አይሆንም። የአሜሪካው መመሪያም መልክን በሚቀይር መንገድ በኮምፒውተር የተነካካ ፎቶ አይቀበልም። የተጎዳ የሰነድ ፎቶ ላይ ደግሞ ከእነአካቴው አትሞክሩት፤ የደበዘዘውን ቁጥር ደስ ያለውን ቁጥር አድርጎ ሊያጠራላችሁ ይችላል።

ከዚያ ሁሉ በፊት ግን ፎቶውን ላነሳው ሰው ደውሉ። ኦርጅናሉ አብዛኛውን ጊዜ ስልኩ ላይ አለ። "በፋይል ላክልኝ" በሉት።